ሦስት ጊዜ ሞቼ ያወቅሁት

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ተማሪ ለዚህ ዓምድ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ጋሼ፤ ስለ ቼዝ፣ ስለ ዳማና ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ብዙ አጫውተውናል። ስለ ዞምቢ ጨዋታ ግን አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። ይንቁታል ወይስ ይፈሩታል?»

ጥያቄው አጭር ቢሆንም ወጋ አደረገኝ። እውነቱን ለመናገር ንቄው ነበር። በኮምፒዩተር መጫወት ከጀመርሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ጃፓኖች በ1996 ያወጡትን «ሬዚደንት ኢቪል» የተባለውን ጨዋታ ጨርሼዋለሁ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አራት ጓደኛሞች ተደጋግፈው የሚታገሉበትን የ2008ቱን «ሌፍት ፎር ዴድ»ንም ከወዳጆቼ ጋራ ብዙ ሌሊት ተጫውቼዋለሁ። በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ የሚራመደው ሬሳ ከዒላማ የተለየ ነገር አይደለም። ጥይት ካለህ ታልፋለህ፤ ጥይት ካለቀብህ ደግሞ ሞተህ ካቆምህበት ትጀምራለህ። ስለዚህ «ዞምቢ ያው ዞምቢ ነው፤ ምን ይጻፍበታል?» ብዬ ትቼው ነበር።

ደብዳቤውን በመጣ በሳምንቱ ለእኅቴ ልጅ አሳየሁት። ይህ ልጅ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ከተቀጠረ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። አነበበና ሳቅ አለ።

«ጋሼ፤ ፕሮጀክት ዞምቦይድን ሞክረው ያውቃሉ?»

«ስሙን ሰምቻለሁ። ከሌሎቹ በምን ይለያል?»

«በእሱ አይተኮስም ማለቴ አይደለም፤ ይተኮሳል። ግን የተኮሰ ሰው ብዙ አይኖርም።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ አንተ ፊደል ሳትቆጥር ጀምሬ የተጫወትሁ ሰው ነኝ።»

«እንዲያ ከሆነ ቡና እስኪፈላ ይሞክሩት» አለኝ።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ቡናው ሳይፈላ ሞትሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨዋታው የሚጀምረው በሐምሌ ወር 1993፣ በአሜሪካ አገር በኬንታኪ ግዛት ነው። ምንነቱ ያልታወቀ በሽታ ተነሥቶ አገሩ በወታደር ታጥሯል፤ መውጫ የለም። ሙልድሮና ዌስት ፖይንት የተባሉት ትንንሽ ከተሞች፣ ትልቁም ከተማ ልዊቪል፣ በእውነት ኬንታኪ ውስጥ የሚገኙ ከተሞች ናቸው፤ ሪቨርሳይድና ሮዝውድ ደግሞ ለጨዋታው የተፈጠሩ ናቸው። ከተማውን ከላይ ሆነህ፣ ከቤት ጣሪያ ላይ ወደ ጎን አዘንብለህ እንደምታይ ያህል ታየዋለህ። ሥዕሉ ትንሽና ቀላል ነው። መጀመሪያ ላይ ጨዋታው ራሱ የሚነግርህ ነገር ቢኖር፣ ይህ የአሟሟትህ ታሪክ መሆኑን ነው። ማሸነፍ የሚባል ነገር የለበትም። ጥያቄው ትሞታለህ ወይስ አትሞትም ሳይሆን፣ መቼና እንዴት ነው።

ከመጀመርህ በፊት ሰውህን ትመርጣለህ። ይኸኛው ክፍል የመንግሥት ሠራተኛ የሆነውን አንባቢዬን ደስ ሳያሰኘው አይቀርም። የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ፖሊስ፣ አናጢ፣ ነርስ፣ ሌባም ቢሆን ለመሆን ይቻላል። ለየሥራው ሒሳብ አለው፤ አናጢው መዶሻ ያውቃል፣ ሌባው ያለ ቁልፍ መኪና ማስነሣት ይችላል። ሥራ አጥ የሆነ ሰው ግን ምንም ሙያ ስለሌለው ስምንት ነጥብ በነጻ ይሰጠውና በነጥቡ የፈለገውን ጠባይ ይገዛል። መልካም ጠባይ ዋጋ ያስከፍላል፤ መጥፎ ጠባይ ነጥብ ያስገኛል። ማጨስ፣ ፈሪ መሆን፣ ቀስ ብሎ ማንበብ፣ ጨርሶም ማንበብ አለመቻል ነጥብ ይሰጣሉ። እኔ «ማንበብ ለዞምቢ ምን ይረዳል?» ብዬ ማንበብ የማይችል ብርቱ ጎረምሳ አደረግሁ። የዚህን ስሕተት ክብደት ያወቅሁት በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ሕይወቴ ያደረግሁት ሁሉ ከሌሎች ጨዋታዎች የለመድሁትን ነው። ከቤት ወጣሁ፤ ሮጥሁ፤ መጥበሻ ይዤ ያገኘሁትን ሁሉ መታሁ። በእርግጥም ሦስቱን ጣልሁ። ከዚያም ሰውየው ማለክለክ ጀመረ። ስትሮጥና ስትመታ ትደክማለህ፤ ስትደክም ምትህ ይላላል፤ ምትህ ሲላላ አንዱን ለመጣል ሁለት ጊዜ ያህል ትቆማለህ፤ በቆምህበትም ሌሎቹ ይደርሱብሃል። በዋናው ሥርዓት ሙታኑ አይሮጡም፤ እየጎተቱ ይመጣሉ። ግን አይደክሙም። እኔ ለመሸሸግ የአንድ ቤት መስኮት ሰብሬ ገባሁ፤ ብርጭቆው እጄን ቆረጠኝ፤ ቤቱም የሌባ ደወል ነበረው። ደወሉ መንደሩን ሁሉ ጠራልኝ።

የእኅቴ ልጅ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ይመለከት ነበር። «ጋሼ፤ ስንት ደቂቃ ሆነ?» ቢለኝ ሰዓቴን አየሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን አፍስሼ ለመልቀም እንኳ ጊዜ አላገኘሁም።

ለሁለተኛው ሕይወት ትዕቢቴን ከበር ላይ ሰቅዬ ተቀመጥሁ። አናጢ መረጥሁ፤ ማንበብም የሚችል አደረግሁት። አሁን ጨዋታው ምን እንደሆነ ይገባኝ ጀመር። ይህ ጨዋታ ከጦርነት ይልቅ የቤት አያያዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ቴሌቪዥኑ ገና ይሠራል፤ በዚያም የአናጢነት፣ የምግብ አሠራርና የእርሻ ትምህርት ይተላለፋል። ተቀምጦ የተመለከተ ሰው ሙያው ይጨምርለታል። ከቤተ መጻሕፍትና ከሰው ቤት መደርደሪያ የተገኘ የሙያ መጽሐፍ አስቀድሞ ያነበበ ደግሞ ሥራውን በሚሠራበት ጊዜ ከሌላው ብዙ እጥፍ ቶሎ ይማራል። ጄኔሬተር ብታገኝ እንኳ አሠራሩን የሚያስተምረውን መጽሔት ካላነበብህ ወይም ሙያው ከሌለህ ልታስነሣው አትችልም። ማንበብ የማይችለው ጎረምሳዬ ለምን ከንቱ እንደነበረ ያን ጊዜ አወቅሁ። ተማሪዎች ሆይ፤ ይህን የምነግራችሁ ልመክራችሁ ፈልጌ አይደለም፤ የጨዋታው ሕግ ራሱ እንዲህ ስለሆነ ነው።

ከጀመርህ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ባላሰብኸው ቀን ውሃ ይቋረጣል፤ መብራትም ይጠፋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ሥጋ ይበሰብሳል። አስቀድሞ በድስቱም በጠርሙሱም ውሃ ሞልቶ ያስቀመጠ ሰው ይድናል። ለዚህ እንኳ ለእኛ ሰው አስተማሪ አያሻውም፤ ጀሪካን ሞልቶ ማስቀመጥን ከእናቶቻችን ተምረናል። የእኅቴ ልጅ ይህን ሲያይ «ጋሼ፤ በዚህ ትምህርት ከኬንታኪ ሰው እንበልጣለን» አለኝ።

በዘጠነኛው ቀን መስኮቶቼን በአንሶላ ጋርጄ፣ በሮቼን በሳንቃ ቸንክሬ፣ ሃያ የቆርቆሮ ምግብ ደርድሬ ነበር። እንደ ባለጠጋ ተሰማኝ። ልበላ ስል ግን ቆርቆሮ መክፈቻ የለኝም። በተጫወትሁበት እትም ያለ መክፈቻ ቆርቆሮ አይከፈትም። ሃያ ቆርቆሮ ፊት ለፊቴ ተደርድሮ ራበኝ። መክፈቻ ፍለጋ በምሽት ወጣሁ፤ በሦስተኛው ቤት ወጥ ቤት አገኘሁ። ስመለስ አጥር ላይ ስንጠለጠል አንዱ ከጨለማ ወጥቶ እጄን ነከሰኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በዚህ ጨዋታ ከሙታኑ ጥፍር የደረሰ ጭረት ከመቶ በሰባቱ፣ ጠለቅ ያለው ቅደት ከመቶ በሃያ አምስቱ በሽታውን ያስተላልፋል። ንክሻ ግን ከመቶ በመቶ ነው። መድኃኒት የለውም። ሰውዬው ወዲያው አይሞትም፤ ሁለት ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። መጀመሪያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያም ያው ነው።

ሌሎች ጨዋታዎች በዚህ ጊዜ «ሞተሃል፤ እንደገና ጀምር» ይሉሃል። ይኸኛው ግን ጊዜ ሰጠኝ። ምን ላድርግበት? ኮምፒዩተሩን ላጥፋ ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ ከዚያም መለስሁት። አንድ ሕግ ትዝ አለኝ፦ አንተ ስትሞት ሰውህ ሞቶ ይቀራል፤ ከተማው ግን አይፈርስም። አዲስ ሰው ይዘህ ወደዚያው ከተማ መግባት ትችላለህ። እንግዲህ በቀሩት ቀኖች ለማላውቀው ሰው ሠራሁ። ቆርቆሮዎቹን ከደጃፉ አጠገብ ደረደርሁ፤ ሚስማሩንና መጋዙን በሣጥን አኖርሁ፤ የጣሪያ ውሃ የሚያጠራቅመውን በርሜል ጨረስሁ። መክፈቻውን በቦርሳዬ ያዝሁ፤ ከእጄ ላወጣው ረሳሁ። በሁለተኛው ሌሊት ሞትሁ። በዚህ ጨዋታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ የረጋ መንፈስ አልነበረኝም።

ሦስተኛው ሰው ነርስ ነበረች። ወደ ከተማው ገብታ ወደዚያው ቤት ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጀባት። በግቢው ውስጥ አንድ ሬሳ ይዞራል። ቀይ ሸሚዝ ለብሷል፤ የአናጢው ሸሚዝ ነው። በጀርባውም ቦርሳዬን ተሸክሟል። የእኅቴ ልጅም እኔም ዝም አልን። መክፈቻው በእሱ ዘንድ ነው፤ ሳይወድቅ አይገኝም። ጥቂት ጊዜ ቆምሁ፤ ከዚያ የሚገባውን አደረግሁ። ቦርሳውን ወሰድሁና ገባሁ። ቆርቆሮዎቹ በደረደርኋቸው ቦታ ናቸው፤ በርሜሉም በዝናብ ሞልቷል።

ከሃያ ዓመት በላይ ስጫወት የራሴን ሬሳ አግኝቼ የተወልኝን ውርስ ስበላ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለተማሪው ደብዳቤ ግማሽ መልስ ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው፦ ከእንግዲህ አልንቀውም።

የጨዋታውን ሠሪዎች ታሪክ ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ይህ ነገር ከየት እንደመጣ የገባኝ መሰለኝ። ሠሪዎቹ ሲጀምሩ «ዘ ኢንዲ ስቶን» የተባሉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። በ2011 ገና ጥሬ የሆነውን ጨዋታ ለሕዝብ መሸጥ እንደጀመሩ፣ በዚያው ዓመት ሌባ ከሁለቱ መኖሪያ ቤት ገብቶ ሥራው ያለባቸውን ሁለት ኮምፒዩተሮች ወሰደ። የጠፋውን እንደገና መሥራት ግድ ሆነባቸው። በ2013 በስቲም ገበያ ላይ ያልተጠናቀቀ ሥራ መሆኑ እየተነገረ ቀረበ። ብዙ ሰው አንድ ላይ ሆኖ የሚጫወትበትና ዝናውን ያናኘለት 41ኛው እትም የጸናው በታኅሣሥ 2021 ነው። ከመጀመሪያው ሽያጭ እስከዚያ አሥር ዓመት መሆኑ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት እንዲህ ነው።

ነውርም አለበት፤ አልደብቅም። የሚጫኑት ቁልፎች ብዙ ናቸው፤ ለአንዲት መጋረጃ እንኳ ዝርዝር ይከፈታል። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከመጫወት ይልቅ ፈተና እንደ መቀመጥ ናቸው። ሰው ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ይሰለቸዋል፤ ሲሰለቸው ያዝናል፤ ያን ሁሉ በትንንሽ ሥዕል ከገጹ ዳር ያሳይሃል፤ አንዳንዴም ተጫዋቹ ራሱ ከሰውዬው በፊት ይሰለቸዋል። ለሚጀምር ሰው የምመክረው ይህ ነው፦ አትሩጥ፤ ጎንበስ ብለህ ሂድ። አንድ በአንድ ካልሆነ አትጋጠም፤ ከሦስት በላይ ካየህ ዞረህ ተመለስ። ዝቅ ያለ አጥር ወዳጅህ ነው፤ ሙታኑ ሲሻገሩ ይወድቃሉና። መስኮት ከመስበርህ በፊት በሩን ሞክር። መሣሪያ መተኮስ ካለብህ መሸሺያህን አስቀድመህ ዕወቅ። ከሁሉ በፊት ግን ቆርቆሮ መክፈቻ ፈልግ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሞቴ ልምጣ፤ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ነርሲቱ ሃያ ስምንት ቀን ኖረች። በአሥራ ስምንተኛው ቀን አትክልት ዘራች፤ በሃያኛው ጄኔሬተር አስነሣች። እኔ በተጫወትሁበት ሥርዓት የጨዋታው አንድ ቀን የእኛ አንድ ሰዓት ነው። ሰውዬው ሲተኛ ጊዜው ይፈጥናል፤ ቢሆንም አንድ ወር ለመኖር ሃያ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ይህን ሒሳብ የሠራሁት ግን በኋላ ነው። በዚያ ማክሰኞ ምሽት በአንድ ሰዓት ላይ «ግማሽ ሰዓት ብቻ» ብዬ ተቀመጥሁ። ቀና ስል ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ዓይኔ እየተከደነ ነው። ነርሲቱ ደኅና አርፋ ነበር፤ የደከምሁት እኔ ነኝ። በሩን መዝጋት ረስቼ ወደ መኝታዋ ላክኋት። ሌሊት ገቡ።

በማግሥቱ ለሥራ አንድ ሰዓት ዘገየሁ። ያን ዕለት ጠዋት አንዲት ባልቴት የልጃቸውን ጉዳይ ይዘው ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። «ምነው ልጄ፤ አሞህ ነው?» አሉኝ። ሳያዝኑብኝ አዘኑልኝ፤ ከቁጣ ይልቅ ይህ ጎዳኝ። መልስ አጣሁ። መዝገባቸውን ሳገላብጥም የገጹ ቍጥር ይምታታብኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ዞምቢ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ላጣራ ብዬ አነበብሁ። ቃሉን ለዓለም የሰጠችው ሄይቲ ናት። አገሪቱ ሳን ዶሚንግ ተብላ በፈረንሳይ ሥር በነበረች ጊዜ፣ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች በሸንኮራ አገዳ እርሻ እስኪሞቱ ይሠሩ ነበር፤ በ1791 ተነሥተው በ1804 ነጻነታቸውን ያወጁት እነዚህ ናቸው። በእነሱ ተረት ዞምቢ አይነክስም፤ ማንንም አያሳድድም። ፈቃዱን ሌላ ሰው ወስዶበት፣ ከመቃብር ተነሥቶ፣ ያለ ደመወዝና ያለ ዕረፍት ለጌታው የሚሠራ ምስኪን ነው። በባርነት ለተያዘ ሰው ከሞት የሚከፋው ነገር፣ ሞቶም እንኳ አለማረፍ ነበርና። አሜሪካኖች ሄይቲን ከ1915 እስከ 1934 በያዙበት ዘመን ሲብሩክ የተባለ ጸሐፊ በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን አወራ፤ በ1932 ሲኒማ ሆነ። ሥጋ የሚበላውን የሙታን መንጋ ያመጣው በ1968 ጆርጅ ሮሜሮ የሠራው ፊልም ነው፤ በዚያ ፊልም ውስጥ ግን ዞምቢ የሚለው ቃል ራሱ አልተነገረም።

ይህን ሳነብ ያን ማክሰኞ ሌሊት አስታወስሁ። ከገጹ ወዲያ ያሉት ሙታን የሮሜሮ ነበሩ። ከገጹ ወዲህ፣ ዓይኑ ተከድኖ፣ ፈቃዱን ጥሎ ቁልፍ የሚጫነው ሰው ግን የሄይቲው ነበር።

ስለዚህ ለጠያቂያችን ተማሪ ሁለተኛው ግማሽ መልሴ ይህ ነው፦ አልንቀውም፤ ጥቂት ግን እፈራዋለሁ። የምፈራው ሬሳውን አይደለም፤ «ግማሽ ሰዓት ብቻ» የምትለዋን ቃል ነው። ጨዋታው መልካም ነው፤ ሰው እንዴት አድርጎ በጥንቃቄ እንደሚኖር፣ ከእሱም በኋላ ለሚመጣ እንዴት እንደሚተው ያሳያል። ቢሆንም ፈተና ለደረሰበት ተማሪና ባለጉዳይ ለሚጠብቀው ሠራተኛ በሥራ ቀን የሚነካ አይደለም። እኔና የእኅቴ ልጅ አሁን የምንጫወተው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የመቀስቀሻ ሰዓት ከመስኮቱ ላይ እናኖራለን፤ ሲጮህ ነርሲቱ በየት እንዳለች ሳንጠይቅ እናጠፋለን።

ባለፈው ቅዳሜ ደወሉ ሲጮህ አራተኛዋ ሰው ገና ከአጥር ላይ ነበረች። ልጁ «ጋሼ፤ አንድ ደቂቃ ብቻ» አለኝ። እኔም ባልቴቲቱን አስታወስሁና አጠፋሁት። እስከዚህ ቅዳሜ ድረስ እዚያው አጥሩ ላይ ትጠብቀናለች።

ደኅና ሰንብቱ።